ከሞተሩ በፊት ማቆያው፦ አትክልትን ከመበስበስ የማዳን ታሪክ፣ ከሪያድ እስከ ቆቦ

በዚህ እትም ስለ ቲማቲምና ስለ ሽንኩርት እንጨዋወታለን። «ይሄ ደግሞ ምኑ ታሪክ ነው?» እንዳትሉ፤ ነገሩ የኪሳችን ጉዳይ ነው።

ገንዘባችን በሁለት ቀዳዳ ይፈስሳል። አንዱ ቀዳዳ እዚሁ ሪያድ ነው። ለአራት ለአምስት ሆነን ከአዚዚያ የአትክልት ገበያ በካርቶን እንገዛለን፤ ርካሽ ነው፣ ደስ ይላል። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ከካርቶኑ ሥር ያለው ሁሉ ውሃ ሆኖ ይጣላል። ሁለተኛው ቀዳዳ አገር ቤት ነው፤ ይሄኛው ይከፋል። ስንቶቻችን ነን በላክነው ብር ቤተሰብ የውሃ መሳቢያ ሞተር የገዛልን፣ መሬት የተከራየልን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የተከለልን? ምርቱ ያምራል፤ ፎቶውም በስልክ ይላክልናል። ከዚያ የመንደሩ ሁሉ ምርት በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ነጋዴ መጥቶ ዋጋውን ይሰብራል። ሽንኩርቱ ትንሽ ቢታገስም ቲማቲሙ አይታገስም። የስንት ወር ደመወዝ፣ የስንት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ማሳ ላይ ቀርቶ ይበሰብሳል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ማቆያ የሚታሰበው ከምርት በኋላ አይደለም፣ ከምርት በፊት ነው። ይህን የሚያስተምረን ደግሞ እኛ ያለንበት የበረሃ አገር ታሪክና የእናቶቻችን ጓዳ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቲማቲሙን የሚገድለው ምንድን ነው?

ታሪኩን ከማውራታችን በፊት ጠላቱን እንወቅ። የተለቀመ አትክልት ወዲያው አይሞትም፤ ይተነፍሳል። ከተክሉ ተቆርጦ ምግብ ስለማይመጣለት፣ ውስጡ ያለውን ስኳርና ውሃ እየበላ ይኖራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ አተነፋፈስ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። በ20 ዲግሪ አንድ ሳምንት የሚቆይ ነገር በ40 ዲግሪ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረቅ አየር ነው። ጎመንና ሰላጣ የሚጠወልጉት ውሃቸውን አየር ስለሚጠጣባቸው ነው። ሦስተኛው ቁስል ነው። የተላጠ፣ የተጨፈለቀ፣ የተወጋ ቲማቲም ለሻጋታ በሩን ይከፍታል፤ አንዱ ሲበሰብስ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። አራተኛው የማይታይ ነው፤ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ። ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ፖም ሲበስሉ ይህን ጋዝ ይለቃሉ፤ አጠገባቸው ያለውንም ያበስላሉ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ያስረጃሉ። አዲስ አበባ ላይ ከአርባ ምንጭ አረንጓዴውን የሚመጣውን ሙዝ ክፍል ዘግተው በላምባ ጭስ የሚያበስሉት ነጋዴዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ኤቲሊንን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ ጋዞች አሉ።

አራቱን ጠላቶች ያዙልኝ፦ ሙቀት፣ ድርቀት፣ ቁስል፣ ጋዝ። ከዚህ በኋላ የምናየው ታሪክ ሁሉ ከእነዚህ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ሪያድ ፍሪጅ ሳይኖራት

ዛሬ 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚኖርባት ሪያድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በሐምሌ ቀኑ 43 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከዚያም ያልፋል። ፍሪጅ የለም፣ መብራት የለም። ታዲያ የነጅድ ሰው እንዴት ከመከር እስከ መከር ኖረ?

መልሱ ቴምር ነው። ቴምር በዓመት አንዴ፣ በበጋው ማብቂያ ላይ ይደርሳል። የነጅድ ቤተሰብ ቴምሩን የሚያቆይበት ጀሳ የሚባል ጎታ ነበረው። ስሙ እኛ ጄሶ ከምንለው፣ ዓረቦቹ ጅስ ከሚሉት ነገር የመጣ ነው፤ ውስጡ በጄሶ ተለስኖ ነፍሳትና አየር እንዳይገባው የተደረገ ነው። ቴምሩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ውስጡ ተረግጦ ይጠቀጠቃል። ሲጫን የሚወጣው ማር መሳይ ፈሳሽ፣ ዲብስ የሚሉት፣ ከሥር በተተወች ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ይጠራቀማል። ቴምሩም አይባክን፣ ጭማቂውም አይባክን። ስኳሩ ብዙ፣ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ሻጋታ አይደፍረውም። ቤት ሲሠራ የቴምሩ ቦታ አብሮ ይታሰባል፤ ማቆያው የቤቱ አካል ነበር።

ውሃውን ደግሞ የሚያቀዘቅዙት በቆዳ ቁርበትና በዚር ነበር። ዚር ማለት የሸክላ ጋን ነው። ሱዳን አገር የሄደ ወይም ሱዳናዊ ጓደኛ ያለው ያውቀዋል፤ ለመንገደኛ በየደጁ የሚቀመጠው የውሃ ጋን ነው። እኛም ቤት እንስራው ሲያልብ አይተናል። ያ ላብ ከንቱ አይደለም። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ሰርጎ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው ይቀዘቅዛል። የሠራተኛ መኖሪያና መጋዘን ላይ የሚገጠመው፣ ውሃ የሚጠጣው «ሙከየፍ ሰሕራዊ» የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። ስለ ዚር የነገርኳችሁን አትርሱት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ብረቱ ሲመጣ

ቀሪው ዓለም በሌላ መንገድ ሄደ። በ1810 ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል ማቆየት እንደሚቻል አሳይቶ ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። የቆርቆሮ ምግብ ሁሉ አባት እሱ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ያለው መርከብ መጣ። ለአትክልት ግን ትልቁን በር የከፈተው ጭነት መኪናው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ገና ልጅ ሳለ ያለ ወላጅ ቀረ፣ ትምህርቱንም በቅጡ አልጨረሰም። ጋራዥ እየሠራ መካኒክነትን በራሱ ተማረ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በጭነት መኪና ላይ የሚገጠም፣ የመንገድ ንቅንቅታ የማያበላሸው ማቀዝቀዣ ሠራ። ከባልደረባው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት ቴርሞ ኪንግ ሆነ። ከሞተ በኋላ፣ በ1991፣ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሰጠው። ሪያድ መንገድ ላይ ከካቢናው በላይ ቴርሞ ኪንግ የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪና ሲያልፍ ስታዩ፣ ያ የአንድ ወላጅ አልባ መካኒክ ሥራ ነው።

ሳዑዲም ብረቱን ተቀበለች። ከዳማም ሪያድ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ በ1951 ተከፈተ፤ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ በረሃው መሐል ገባ። መንግሥት ስንዴ በብዛት ለማምረት ሲነሳም አስቀድሞ በ1972 የእህል ጎተራና የዱቄት ፋብሪካዎች ድርጅትን አቋቋመ። አገሪቱ በስንዴ ራሷን የቻለችው ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ስንዴው የከርሰ ምድር ውሃውን ስለጨረሰባቸው ኋላ ተዉት፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ጎተራው ቀደመ፣ ምርቱ ተከተለ።

ነገር ግን ብረት ብቻውን ብክነትን አላቆመም። ያው የጎተራ ድርጅት ስሙ ተቀይሮ በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በሳዑዲ አንድ ሦስተኛ ያህል ምግብ እንደሚባክንና ይህም በዓመት 40 ቢሊዮን ሪያል ገደማ እንደሚያወጣ ገልጿል። በየቤቱ ሁለትና ሦስት ፍሪጅ ባለበት አገር ነው ይሄ። አንቺ በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ ይህን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፤ ከግብዣ በኋላ ያለውን ቆሻሻ የምታወጪው አንቺ ነሽና። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከሚጣለው ምግብ 60 በመቶው የሚጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው ብሏል። ፍሪጅ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጥንቃቄን አይተካም።

የእኛ ጓዳ

አሁን ወደ አገር ቤት እንሻገር። «እኛ ማቆየት አናውቅም» የሚል ሰው ካለ የእናቱን ጓዳ አላየም። ጎተራና ጎታ አለን። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል። በጉራጌ የእንሰት ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገብቶ ወራት፣ ሲያስፈልግም ዓመታት ይቆያል። በርበሬ በፀሐይ ይደርቃል፣ ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፣ ነጭ ሽንኩርት ተጎንጉኖ ጭስ ካለበት ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ድንች የሚያመርት ገበሬ ዋጋ ሲወድቅ አይነቅልም፤ መሬት ውስጥ ይተወዋል። በሻንጣችን ይዘነው የምንመጣው ድርቆሽስ? እንጀራን ከመሻገት ያዳነ የእናቶች ጥበብ አይደለም እንዴ?

ልብ በሉ፣ ጥበባችን ሁሉ ማድረቅና ማብላላት ነው። ትኩስ ቲማቲምን እንደ ትኩስ የሚያቆይ ባህል አልነበረንም፤ አያስፈልገንም ነበር። ጎመኑ ከጓሮ ተቀንጥሶ በዚያው ዕለት ወጥ ይሆናል። ቲማቲምና ሽንኩርት ለሩቅ ገበያ በመስኖ በብዛት መመረት የጀመሩት በቅርብ ዘመን ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ የመንግሥት እርሻዎች፣ ቆይቶም በፎገራ፣ በራያ ቆቦና በሌሎችም ሸለቆዎች። የላይኛው አዋሽ እርሻ ከጎኑ መርቲ ላይ ማቀነባበሪያ ስለነበረው ቲማቲሙ ድልህ፣ ፍራፍሬው ማርማላታ ሆኖ በቆርቆሮ ይወጣ ነበር። ልጅ ሳለን ዳቦ ላይ የቀባነው የመርቲ ማርማላታ ያ ነው። እዚያ ማሳውና ማቆያው ጎን ለጎን ነበሩ።

ሞተር የገዛው ገበሬ ግን መርቲ የለውም። ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ጠርዙ ቲማቲሙን ይቆርጠዋል። ያለው አይሱዙ ነው፤ ሽራ ለብሶ በቀትር ፀሐይ ይጓዛል። አራቱንም ጠላቶች አንድ ላይ ጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። ሲደርስስ? አዲስ አበባ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2020 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ክረምቱ መጣና ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ የበሰበሰው ከሚሸጠው ጋር ተቀላቀለ። በ2021 መጀመሪያ፣ ለጥምቀት ሜዳው ሲፈለግ፣ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። የአንድ ትልቅ ከተማ ሆድ የሚሞላበት ገበያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲዛወር፣ በመሐል የሚበላሸውን ሒሳብ የሚከፍለው ያው ገበሬው ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ከዝዋይ የሚሄደው ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ ይደርሳል፣ አውሮጳ ሲያርፍም ትኩስ ነው። ስለዚህ አገራችን ውስጥ አይቻልም የሚባል ነገር የለም። ለአበባ ተችሏል። ለገበሬው ቲማቲም ነው የቀረው።

ዚሩ ተመልሶ መጣ

ቀዝቃዛ ክፍል ለመሥራት አቅም ለሌለው ሰው መፍትሔው የመጣው ከአንድ አፍሪካዊ መምህር ነው። መሐመድ ባህ አባ ይባላል፤ የሰሜን ናይጄሪያ፣ የጂጋዋ ሰው። ሸክላ ሠሪ ከሆነ ቤተሰብ ነው የተወለደው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር አሰበ፦ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ማስገባት፣ በመሐላቸው ያለውን ቦታ በአሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ ማራስ፣ አፉን በርጥብ ጨርቅ መክደን። አለቀ። ውሃው በውጪው ማሰሮ ሲተን የውስጡ ይቀዘቅዛል። በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረ ደበርጃን እስከ 27 ቀን ቆየ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ። በ2000 የሮሌክስ ሽልማትን አገኘ፤ ማሰሮዎቹንም በየመንደሩ አዳረሰ። በየቀኑ ገበያ ይላኩ የነበሩ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ለመግባት ፋታ አገኙ። ኋላ በዳርፉር የሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ይህንኑ እያመረተ ሸጠ፤ እዚያ ስሙ ያው ዚር ነው።

ሕንዶች ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ነገር በጡብ ሠርተው ነበር። ሁለት የጡብ ግድግዳ፣ በመሐል የአንድ መዳፍ ስፋት የምታህል ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ አሸዋ፣ ከላይ የሣር ክዳን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ። መብራት አይፈልግም። 100 ኪሎ ያህል አትክልት ይይዛል፤ ከውጪው አየርም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ሪያድ በበጋ የአየሩ እርጥበት 10 በመቶ አካባቢ ስለሚወርድ፣ 43 ዲግሪ በሆነ ቀን ጥላ ሥር ያለ እርጥብ ማሰሮ ወደ 20ዎቹ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ጂዳ ላላችሁ ግን የባሕሩ እርጥበት ስላለ ብዙም አይረዳም። አገር ቤትም በበጋ ይሠራል፣ በክረምት ይሰንፋል። ደግነቱ የመስኖ ምርት የሚደርሰው በበጋ ነው። ሌላም፦ ለሥጋ፣ ለወተትና ለተሠራ ወጥ አይሆንም፤ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ ይመርዛችኋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እዚህ ሪያድ ለምንኖር፦ ካርቶን በጋራ መግዛት ጥሩ ነው፤ መግዛቱን አትተዉ። ገብታችሁ ካርቶኑን ጥግ ማቆም ግን ይቅር። እዚያው ክፈቱት፣ ለዩት። የተመታው ዛሬ ይበላል ወይም ተቀቅሎ ድልህ ይሆናል፤ ደህናው ይቆያል። አስቀድማችሁ አትጠቡ፤ ውሃ የነካው ቶሎ ይሻግታል። ያልቀላ ቲማቲም ፍሪጅ አይግባ፤ ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል፣ አያበስለውም። ሙዝም ፍሪጅ አይወድም። ጎመን፣ ሰላጣና ኩዝበራ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልለው ፍሪጅ ይግቡ፤ ከሙዝና ከፖም ግን ይራቁ። ድንችና ሽንኩርት አንድ ከረጢት ውስጥ አይደሩ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ፍሪጁ የጋራ ከሆነ ተራ አውጡና አንድ ሰው በየሁለት ቀኑ ይፈትሽ፤ አንዲት የበሰበሰች ቲማቲም ማውጣት አሥሯን ታድናለች።

አገር ቤት ገንዘብ ለምትልኩ፦ «ሞተር ልንገዛ ነው» የሚል ስልክ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ግን «ምርቱ የት ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሞተሩ ከምትልኩት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለማቆያ መድቡ። ሽንኩርት ከሆነ፣ ከመነቀሉ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ውሃው ይቁም፤ ቅጠሉ ወድቆ አንገቱ ሲለሰልስ ይነቀል፤ አንገቱ እስኪደርቅ አሥር ቀን ያህል ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይክረም። ከዚያ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት በተሠራ፣ ነፋስ በሚገባው ቆጥ ላይ ይቀመጥ። እንዲህ የደረቀ ሽንኩርት ለወራት ይታገሳል፤ ገበሬው የነጋዴን ዋጋ እምቢ የሚልበት ጉልበት ያገኛል። ቲማቲም ከሆነ፣ መቅላት ሲጀምር በማለዳ ይለቀም፣ ወዲያው ጥላ ይግባ፣ በእንጨት ሳጥን ፋንታ የላስቲክ ሳጥን ይገዛለት፤ ሳጥኑ እየተመለሰ ደጋግሞ ያገለግላል። የጡቡን ማቀዝቀዣ ደግሞ ማንም ግንበኛ በጡብ፣ በአሸዋና በሣር ይሠራዋል። ማሰሮዋን ሸክላ የምትሠራ ሴት በየገበያው አለች፤ ለእሷም እንጀራ ነው።

ጎረቤት ለጎረቤት መነጋገርም አይርሳ። መንደሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ከተከለ በአንድ ሳምንት ይለቅማል፣ በአንድ ሳምንት ይከስራል። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ቢተክል ገበያው ይተነፍሳል። ዕቁብ በተራ እንደምንወስደው፣ ምርትም በተራ ሊወጣ ይችላል።

ለማኅበራችን አባላትም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአንድ ወረዳ የመጣን ሰዎች ብዙ ነን። እያንዳንዳችን ለየቤታችን ሞተር ከምንገዛ፣ አምስት ስድስት ሆነን አንድ የሽንኩርት ቆጥና ጥቂት የላስቲክ ሳጥኖች በጋራ ብናሠራ ምን ይለናል? በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይነሳ። ወደ አገር ለመመለስ ለምታስቡም ነገሩ ሥራ ነው፤ ማቆያ ያለው ሰው ባለ ሞተሮቹ ሁሉ ይፈልጉታል።

የነጅድ ሰው ቤቱን ሲሠራ የቴምሩን ጎታ አብሮ ሠራ። እኛም ከሞተሩ በፊት ማቆያውን እናስብ። ላባችሁን አይጣልባችሁ፤ ጾሙንም ረመዳኑንም በጤና ያድርስልን። በሚቀጥለው እትም ያገናኘን።